የዩአይ ዲዛይን ለፕሮግራመሮች፦ ከየት ተነስቶ እንዴት ይለመዳል?

ዲዛይን ሲነሳ ብዙ ፕሮግራመሮች "እኔ ለዚህ ዓይን የለኝም" ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው አንድ ሥራ ለመጨረስ ሲሞክር የት ላይ እንደሚደናቀፍ ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ማስተካከል፣ ከዚያ እንደገና ማየት፤ የዩዘር ኢንተርፌስ (ዩአይ)፣ ማለትም ሰው ከሲስተሙ ጋር የሚገናኝበት ገጽ፣ ሥራው አብዛኛው ይኸው ነው። ባግ ስናድን በየቀኑ የምናደርገው ነው። ልዩነቱ ይኼኛው ባግ የሚኖረው በስክሪኑና በሰውየው መካከል መሆኑ ነው። ሎጉ ላይ አይታይም።

ፕሮግራመርን የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ያውቃል። ሲስተሙን ከውስጥ ስለሠራው እያንዳንዱ ሳጥን ለምን እንዳለ ይገባዋል። የዲዛይን ተመራማሪው ዶናልድ ኖርማን ይህን ክፍተት በ1980ዎቹ በደንብ አስረድቶታል። ሠሪው በጭንቅላቱ የያዘው ምስልና ተጠቃሚው የሚገነባው ምስል ይለያያሉ፤ ሁለቱ ሰዎች የሚገናኙት ስክሪኑ ላይ በሚታየው ነገር ብቻ ነው። እናንተ ከጎን ቆማችሁ አታስረዱም።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ቀለምና ፎንት በኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚለመደው ከውጭ ሆኖ ማየት ነው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን ከቴብሉ ለዩት

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሠራተኞች የዓመት ፈቃድ የሚጠይቁበት ገጽ ሥሩ ተባላችሁ እንበል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቴብል ስድስት ኮለም አለው፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ የፈቃድ ዓይነት፣ መነሻ ቀን፣ ማብቂያ ቀን፣ ስታተስ እና አስተያየት። ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ኮለም አንድ ሳጥን ደርድሮ ከታች "ሰብሚት" የሚል በተን ማስቀመጥ ነው። ይሠራል። ቴስቱንም ያልፋል።

አሁን ገጹን የሚከፍተውን ሰው አስቡት። ምን ይዞ ነው የመጣው? "ስንት ቀን ቀርቶኛል? ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብወጣ ይሆናል? ጥያቄዬን ማን ነው የሚያየው?" ያ ፎርም ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስም። ይባስ ብሎ የመለያ ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ሰውየው በስሙ ሎግኢን አድርጎ ገብቷል እኮ! ሲስተሙ ቁጥሩን ከእሱ በተሻለ ያውቀዋል።

ኤዲተር ከመክፈታችሁ በፊት ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ "ሠራተኛው የቀረውን ቀን አይቶ፣ የሚፈልጋቸውን ቀኖች መርጦ፣ ጥያቄው ለማን እንደደረሰ አውቆ ይወጣል።" ዳታቤዝ፣ ቴብል፣ ሪከርድ የሚል ቃል ከገባበት ገና ከውስጥ ሆናችሁ ነው የምትጽፉት። ደግማችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ሳጥን በተራ ጠይቁት። ሲስተሙ ይህን ያውቃል? እንግዲያው ሰውን አትጠይቁ። መገመት ይቻላል? ሞልታችሁ አቅርቡለትና ካልተስማማው ይቀይር። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም? አውጡት። በእኛ ገጽ ላይ መለያ ቁጥሩ ይወጣል። ስታተስም ይወጣል፤ ገና ያልተላከ ጥያቄ ምን ስታተስ አለው? የፈቃድ ዓይነቱ "የዓመት ፈቃድ" ተብሎ ተመርጦ ይጠብቃል። አስተያየቱ "ማስታወሻ ጨምር" ከሚል ሊንክ ጀርባ ይገባል። ከቀኖቹ ሥር ደግሞ "3 የሥራ ቀን። ከዚህ በኋላ 9 ቀን ይቀርዎታል።" የሚል መስመር ይጨመራል። ስድስት ሳጥን ሦስት ሆነ፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን በዛ።

ይህ ለእናንተ ተጨማሪ ኮድ ነው፤ የሥራ ቀን መቁጠር፣ ቀሪ ቀን ማስላት፣ የቅርብ አለቃውን ፈልጎ ማምጣት። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላሪ ቴስለር ይል እንደነበረው፣ ከማንኛውም ሲስተም ሊጠፋ የማይችል የውስብስብነት መጠን አለ፤ ጥያቄው ማን ይሸከመው የሚለው ነው። እናንተ አንድ ሳምንት ብትደክሙ ተጠቃሚዎቹ በሙሉ፣ ገጹን በከፈቱ ቁጥር፣ ይገላገላሉ።

ደረጃ 2፦ ሰው ሲጠቀም ቁጭ ብላችሁ እዩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህኛውን ሞክሩ። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው፤ ትልቅ ላብራቶሪና ብዙ ሕዝብ የሚጠይቅ ስለሚመስል። አይጠይቅም።

ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባወጡት ጥናት፣ ገጹን የሚሞክር አንድ ተፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያሳያል። ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ሰው ሳያሳይ የሚያልፈው 69 በመቶ ነው፤ አምስት 0.69ዎችን እርስ በርስ አባዙ፤ ሳይታይ የሚቀረው 0.16 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አምስት ሰው 85 በመቶ አካባቢ ያሳያችኋል ማለት ነው። አማካዩ እንደ ሲስተሙ ይለያያል፤ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። የሚጠቅመን ሐሳቡ ነው። አሥራ አምስት ሰው አንድ ጊዜ ከመፈተን፣ አምስት ሰው አይቶ ማስተካከል፣ ሌላ አምስት አይቶ እንደገና ማስተካከል ይሻላል።

ሰዎቹን ከራሳችሁ ቲም አትምረጡ። ፕሮግራመር ያልሆነ፣ ሥራውን በእውነት የሚሠራ ሰው ፈልጉ። ከዚያ አንድ ተግባር ስጡት፤ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቃላት ግን አትጠቀሙ። "ፈቃድ ጠይቅ የሚለውን ይጫኑ" ካላችሁት መልሱን ሰጣችሁት። እንዲህ በሉት፦ "በሚቀጥለው ሳምንት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሥራ አይገቡም እንበል። እስቲ በዚህ ይጨርሱት።" ሁለት ነገር ጨምሩ፤ የምንፈትነው ገጹን እንጂ እርስዎን አይደለም፣ እና ያሰቡትን ሁሉ ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩ።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። ዝም ማለት።

ያንን የመጀመሪያ ባለ ስድስት ሳጥን ፎርም ለአንድ ሰው ሰጣችሁት እንበል። መለያ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ መታወቂያውን ከኪሱ ያወጣል። ሁለቱን ቀኖች ይመርጣል። ስታተስ ላይ ይቆማል። ዝርዝሩን ይከፍታል፤ "በመጠባበቅ ላይ፣ የጸደቀ፣ ውድቅ የተደረገ" ይላል። ይዘጋዋል። ደግሞ ይከፍተዋል። "ይሄን እኔ ነኝ እንዴ የምሞላው?" ይላል። ቀና ብሎ ያያችኋል። "ዝለለው" ልትሉ አፋችሁ ላይ ይመጣል። ያዙት። "እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?" ብላችሁ ብቻ መልሱ። እሱም "እንግዲህ እንዲፈቀድልኝ ነው የምፈልገው" ብሎ "የጸደቀ" የሚለውን ይመርጣል። በዚህች ቅጽበት የተማራችሁትን የትኛውም የዲዛይን ኮርስ በዚህ ጥራት አያሳያችሁም። ሰርቨሩም ያንን ምርጫ ሳያጣራ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ትልቅ የደኅንነት ክፍተት አግኝታችኋል።

ማስታወሻ ስትይዙ ያደረገውንና ያለውን ጻፉ፤ የእናንተን ትርጓሜ ለብቻ አስቀምጡ። "ግራ ገባው" ትርጓሜ ነው። "ዝርዝሩን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋ" የታየ ነገር ነው። መጨረሻ ላይ "ወደዱት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ይዞት "ጥሩ ነው" ይላችኋል። "ጥያቄዎ አሁን ማን ጋ ያለ ይመስልዎታል?" ብትሉት ግን መልሱ ገጹ ያስረዳውንና ያላስረዳውን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ሰውየው "እዚህ ጋ ቀይ በተን ብታደርጉ" ሊላችሁ ይችላል። አመስግናችሁ ጻፉት፤ ከመፍትሔው በላይ ግን ያቆመውን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ከኮድ በፊት እርሳስ

ኮድ ከተጻፈ በኋላ መጣል ያሳዝናል። ወረቀት ግን አያሳዝንም። ለአንድ ገጽ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አደራደሮች ሣሉ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ያያችሁት ነው፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ማሰብ ትጀምራላችሁ። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ሳጥንና መስመር ይበቃል። ወረቀቱንም መፈተን ይቻላል፦ ሰውየው በጣቱ ይነካል፣ እናንተ ቀጣዩን ወረቀት ታቀርባላችሁ። እንደ ፊግማ ወይም ፔንፖት ያለ የዲዛይን ቱል መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ዲዛይን መማርን ቱል ከመማር ጋር አታምታቱት። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ በፍጥነት የምትጽፉ ከሆነ ከእርሳስ በቀጥታ ወደ ብራውዘር መሄድም ያዋጣል።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ በግራጫ

ገጹን ያለ ምንም ቀለም ሥሩት። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ። በዚህ ሁኔታ ካልተነበበ ቀለም አያድነውም።

ትልቁ መሣሪያችሁ ባዶ ቦታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 እንዳሳየው ዓይን ተቀራርበው ያሉ ነገሮችን እንደ አንድ ቡድን ያያል። ፕሮግራመር የሠራው ፎርም ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ከዚህ ይመጣል። በሁሉም ነገር መካከል እኩል 16 ፒክስል አለ። የሳጥኑ ስም ከራሱ ሳጥንና ከላይ ካለው ሳጥን እኩል ስለሚርቅ ዓይን የማን እንደሆነ ያመነታል። ስሙን ከራሱ ሳጥን 4 ወይም 8 ፒክስል፣ ከላይኛው ሳጥን 24 ፒክስል አርቁት። ሌላ ምንም ሳትነኩ ገጹ ይለወጣል። ቁጥሮቹን እንደ ስሜታችሁ አትምረጡ፤ 4፣ 8፣ 16፣ 24፣ 32፣ 48፣ 64 የሚል መሰላል አውጡና ከእሱ አትውጡ። ሲኤስኤስ ላይ ቫሪያብል አድርጋችሁ ብታስቀምጧቸው ይቀልላል።

ለፎንት አንድ ዓይነት፣ ሁለት ውፍረትና ሦስት ወይም አራት መጠን ይበቃል። የመስመር ከፍታው ለረዘም ያለ ጽሑፍ 1.5 ገደማ ይሁን። ጽሑፍ ከስክሪኑ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እንዲዘረጋ አትፍቀዱ። በላቲን ፊደል በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል የሚለው ልማድ ጥሩ መነሻ ነው።

በአንድ ገጽ አንድ ዋና ተግባር ይኑር። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስክሪኑን ተመልከቱ። በብዥታው ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ምንድን ነው? "ጥያቄውን ላክ" መሆን ሲገባው የድርጅቱ አርማ ከሆነ፣ የትኛውን ማሳነስ እንዳለባችሁ አወቃችሁ።

ከዚህ በኋላ አንድ ዋና ቀለም ጨምሩ፤ ለስህተት ደግሞ ቀይ። ኮንትራስቱን፣ ማለትም የጽሑፉንና የጀርባውን የብሩህነት ልዩነት፣ በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ደብሊውሲኤጂ የሚባለው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ይጠይቃል። ዲዛይነሮችም የሚወዱት #999999 ግራጫ በነጭ ላይ 3 ለ1 እንኳ አይሞላም። #767676 ግን 4.5ን ያልፋል። ትርጉምን በቀለም ብቻ አታስተላልፉ። አውሮፓዊ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ያህል ቀለም የመለየት ችግር አለበት። ከቀዩ መስመር ጎን ምልክትና ቃል ይጨመር።

ደረጃ 5፦ ቃላቱም ዲዛይን ናቸው

በተን ላይ የሚጻፈው የሚሆነውን ነገር ይንገር። "ሰብሚት" ወይም "እሺ" ምንም አይልም፤ "ጥያቄውን ላክ" ይላል።

የስህተት መልእክት ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምን ሆነ፣ የት፣ አሁን ምን ይደረግ። "ስህተት ተፈጥሯል፣ ኮድ 422" የሚለው ለእናንተ ነው የተጻፈው። "ማብቂያው ቀን ከመነሻው ቀን ይቀድማል። ከሰኞ በኋላ ያለ ቀን ይምረጡ" የሚለው ለሰው ነው። መልእክቱ ከሳጥኑ አጠገብ ይሁን፤ ሰውየው የሞላውንም አታጥፉበት። ስልክ ቁጥር መሃል ክፍተት አስገብቶ ከጻፈ አትቆጡት፤ በአንድ መስመር ኮድ ክፍተቱን ማውጣት ትችላላችሁ። በሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ደብዛዛ ጽሑፍም የሳጥኑን ስም አይተካም፤ መጻፍ ሲጀመር ይጠፋላ።

"እርግጠኛ ነዎት? አዎ / አይ" የሚለውን ሰው ሳያነብ ነው የሚጫነው፤ ለምዶታል። የሚቻል ከሆነ ሳትጠይቁ ሰርዙና "ጥያቄው ተሰርዟል። ወደነበረበት መልስ" የሚል ዕድል ስጡት። ዳታቤዙ ላይ ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ "የተሰረዘ" ብሎ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መመለስ የማይቻል ነገር ሲሆን ግን የሚጠፋውን ነገር በስሙ ጥሩትና በተኑ ላይም "አዎ" ሳይሆን "ሰርዝ" ይበል።

ደረጃ 6፦ ዳታው ሳይሟላስ?

እዚህ ላይ ፕሮግራመር ከብዙ ዲዛይነር ይበልጣል። ዲዛይን ሲሣል ሁልጊዜ አምስት ቆንጆ ሪከርዶችና አጫጭር ስሞች አሉ። እናንተ ግን ዝርዝሩ ባዶ እንደሚሆን፣ ኔትወርክ እንደሚቋረጥ፣ ስም 60 ፊደል እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለእያንዳንዱ ገጽ ሁኔታዎቹን እንደ ኢነም ዘርዝሯቸው፦ ባዶ፣ በመጫን ላይ፣ በከፊል የመጣ፣ የተሟላ፣ ያልተሳካ። እያንዳንዱ የራሱ ስክሪን አለው። ባዶው "ዳታ የለም" ከሚል "እስካሁን የላኩት ጥያቄ የለም" ብሎ ከሥሩ የመጀመሪያውን ለመላክ የሚያስችል በተን ይያዝ።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ከ1968ቱ የሮበርት ሚለር ጽሑፍ ጀምሮ የሚታወቁ ሦስት ገደቦች አሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ሰው ነገሩ ወዲያው የሆነ ይመስለዋል። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱ ይሰማዋል፤ ሐሳቡ ግን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ትኩረቱን ይዞ የሚቆይበት ጫፍ ነው። ስለዚህ በተን ሲነካ ወዲያው መልኩ ይለወጥ። ከሰከንድ በላይ የሚወስድ ነገር "እየሠራሁ ነው" ይበል። 10 ሰከንድ የሚያልፈው ምን ያህል እንደቀረው ያሳይ፤ ማቋረጫም ይኑረው። ክሮም ዴቭቱልስ ላይ ኔትወርኩን አዘግይታችሁ የራሳችሁን ገጽ ተጠቀሙበት። ሰው ለምን ሁለቴ እንደሚጫን ይገባችኋል። ሁለቴ ቢጫንም ሰርቨሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲመዘግብ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ማውዙን ወደ ጎን

ማውዙን ንቀሉና በታብ፣ በኢንተርና በስፔስ ብቻ ሥራውን ጨርሱ። የት እንዳላችሁ ይታያችኋል? ፎከስ ሲያርፍ የሚመጣውን መስመር "አያምርም" ብላችሁ አጥፍታችሁት ከሆነ መልሱት። በዲቭ የተሠራ በተን በራሱ በኪቦርድ አይደረስበትም፤ እውነተኛውን የበተን ኤለመንት ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ሳጥን ከሌብል ኤለመንት ጋር ይያያዝ። ስሙን ሲነኩት ሳጥኑ ይመረጣል፤ ማየት ለማይችሉ ሰዎች ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነበው ስክሪን ሪደርም ስሙን ያነብበዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው አንድ ነገር ላይ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በርቀቱ ይጨምራል፣ በስፋቱ ይቀንሳል። አፕል ለጣት ቢያንስ 44 በ44 ፖይንት፣ አንድሮይድ 48 በ48 ዲፒ ይመክራሉ። በ2023 የወጣው ደብሊውሲኤጂ 2.2 በደረጃ ኤኤ (በመካከለኛው ደረጃ) የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ 24 በ24 ሲኤስኤስ ፒክስል ነው። አይከኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ በፓዲንግ የሚነካውን ቦታ ማስፋት ይቻላል። ገጽን በራሱ የሚፈትሸውን ላይትሃውስ የሚባል ቱልም አሂዱ፤ ግን 100 ስላመጣችሁ ጨረስን አትበሉ። የሳጥኑ ስም መኖሩን ያያል፤ ትርጉም መስጠቱን አያይም።

ደረጃ 8፦ ዓይንን ማሰልጠን

በየቀኑ ከምትጠቀሙበትና ከሚመቻችሁ አፕ አንድ ስክሪን ምረጡ። ስክሪንሾት አንሡና በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ልክ እሱን አድርጋችሁ ሥሩት። ለልምምድ ብቻ ነው፤ የራሳችሁ ነው ብላችሁ አታውጡት። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የእናንተው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምን? ለኩት። ርዕሱ ከጽሑፉ ስንት ፒክስል ይርቃል? ግራጫው ስንት ዓይነት ነው? ይህን አዘውትራችሁ ብታደርጉት ማንም ስክሪን ሲያሳያችሁ የተዛባው ቦታ ራሱ ይጠራችኋል።

ከዚያ ኒልሰን በ1994 ያሻሻላቸውን 10 የዩዛቢሊቲ (የአጠቃቀም ምቹነት) መርሆች ይዛችሁ የራሳችሁን ገጽ ገምግሙ። ሲስተሙ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል? ተጠቃሚው የሚያውቀውን ቋንቋ ይናገራል? የተደረገን ነገር ወደነበረበት መመለስ ይቻላል? ሰው ማስታወስ ሳያስፈልገው አይቶ መለየት ይችላል? አንድ ባልደረባችሁ ለብቻው እንዲገመግም አድርጉና በኋላ ዝርዝራችሁን አዋህዱ። የሁለት ሰው ዝርዝር ስንት ቦታ እንደሚለያይ ስታዩ ትገረማላችሁ። ይህ ግን ደረጃ 2ን አይተካም።

በተንና ሳጥን ከዜሮ ለመፍጠር አትድከሙ። ማቴሪያልና ቡትስትራፕን የመሰሉ የተዘጋጁ ስብስቦች አሉ፤ ሰውም ለምዷቸዋል። ጉልበታችሁን ለሥራው ቅደም ተከተል አውሉት።

ደረጃ 9፦ ከወጣ በኋላ

ሎግ ማንበብ ትችላላችሁና ተጠቀሙበት። ፎርሙን ከከፈቱት ስንቱ ላኩት? የትኛው ሳጥን ላይ ነው የስህተት መልእክት የሚበዛው? የምትሰበስቡት ቁጥር የሰዎቹን የግል መረጃ አይፈልግም፤ የሳጥኑ ስምና ብዛቱ ይበቃል። አጠቃላይ ስሜቱን ለመለካት ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀው ሰስ (SUS) የሚባል የ10 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ከ100 ይሰጣል፤ አማካዩ 68 አካባቢ ነው። ከስሪት ስሪት መሻሻላችሁን ይነግራችኋል፤ ችግሩ የት እንዳለ ግን አይነግራችሁም።

የት እንዳለ የሚነግራችሁ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር ነው። ሰፖርት የሚሰጡ ባልደረቦቻችሁን በዚህ ሳምንት በብዛት የተጠየቁትን ጠይቋቸው። "ጥያቄዬ ደረሰ ወይ?" ከሆነ የእገዛ ገጽ አትጻፉለት። "ላክ" ከተነካ በኋላ የሚመጣውን ስክሪን ክፈቱና "ጥያቄዎ ለቅርብ አለቃዎ ደርሷል። መልሱን እዚህ ገጽ ላይ ያገኙታል" የሚል መስመር አስገቡ። በሚቀጥለው ዙር ፈተናም ያንኑ ጥያቄ ለአምስቱም ሰዎች አቅርቡ።